ከሦስቱ ቁልፎች እስከ ምስጢር ቁጥሩ



ማኅበራችን በ1997 ዓ.ም. ሲመሠረት 20 ሴቶች ነበርን። ሰኞ ሰኞ እየተሰበሰብን በነፍስ ወከፍ 1 ብር እናዋጣ ነበር። የመጀመሪያው ንብረታችን መርካቶ ምናለሽ ተራ ያሠራናት የቆርቆሮ ሳጥን ናት። ሳጥኗ ሦስት ቁልፍ አላት። ቁልፎቹን ሦስት ሴቶች ለየብቻ ይይዛሉ፤ ሳጥኗ ደግሞ የምታድረው በአራተኛዋ ቤት ነው። ስለዚህ አራቱ ሴቶች አንድ ላይ ካልተገኙ በስተቀር ሳጥኗ አትከፈትም። ስትከፈትም በሁላችን ፊት ነው፤ ገንዘቡ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፣ ጸሐፊዋ ትመዘግባለች፣ መጻፍና ማንበብ የማንችለውም ቁጥሩን በቃላችን ይዘን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። በእነዚያ ዓመታት ከሳጥኗ አንድ ብር ጎድሎብን አያውቅም።

በኋላ ስልክ መጣ። መዋጮው በስልክ መላክ ተጀመረ፤ ጉልት የምትውለውም፣ እንጀራ የምትጋግረውም፣ ሰው ቤት የምትሠራውም ሥራዋን ሳትተው መክፈል ቻለች። ሁላችንም ተደሰትን። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ላይ ግን አንድ ሰው ለገንዘብ ያዣችን ደወለላት። ድምፁ የተማረ ሰው ድምፅ ነበር። «እናቴ፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ ነው፤ አሁን በስልክዎ የሚገባውን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላት። አነበበችለት። ቀጥሎ ምስጢር ቁጥሩን ጠየቃት፤ እሱንም ነገረችው። ስልኩ ሲዘጋ የሁለት ሳምንት መዋጯችን 18,400 ብር አብሮ ሄደ።

ይህን ጽሑፍ በጋራ ለመጻፍ የተነሣነው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ነገሩን ለአጋሮቻችን እንንገር ወይስ እንደብቅ ብለን ተከራክረን ነበር። «ገንዘብ መያዝ አይችሉም ይሉናል» ያሉ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ግን እንንገር ተባለ፤ ምክንያቱም የደበቅነውን ነገር ልንማርበት አንችልም። ለመሆኑ ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች ገንዘባቸውን እንዴት ይጠብቁ ነበር? ብለን ወደ ኋላ ሄደን ጠየቅን። ያገኘነው ታሪክ ለዛሬውም ጥያቄያችን መልስ አለው።

ጨውም ጠባቂ ይፈልግ ነበር

በአገራችን ገንዘብ የወረቀትና የስልክ ብቻ አልነበረም። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሳቸውን ሳንቲም ይቀርጹ ነበር። አክሱም ከተዳከመ በኋላ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ገበያውን የያዘው አሞሌ ጨው ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት ማየቱን ጽፏል።

አሞሌ የሚቆፈረው በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ነው። በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከዚያም ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጋገረ ወደ መሀልና ወደ ደቡብ ይወርዳል። ከተቆፈረበት ቦታ በራቀ መጠን ዋጋው ይጨምራል።

ይህ ገንዘብ የራሱ አደጋ ነበረው። ዝናብ ያሟሟዋል፤ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳል፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይሸራረፋል። ስለዚህ ባለቤቱ እንዳይሰበር ዙሪያውን ያስረዋል፣ ከእርጥበት ያርቀዋል። ተቀባዩ ደግሞ አገላብጦ ያያል፤ የተሸራረፈ ከሆነ ይከራከራል ወይም አልቀበልም ይላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንመልከት። የአሞሌ ጥበቃ የሁለት ሰው ሥራ ነበር። ሰጪው ይጠብቃል፣ ተቀባዩ ይመረምራል። ሳያይ የሚቀበል ሰው ቢጎዳ የሚፈርድለት አያገኝም።

ጠገራ ብርና የእናቶቻችን ዓይን

ከአሞሌው ጎን ለጎን ጠገራ ብር የሚባለው የማርያ ቴሬዛ ብር ገባ። ማርያ ቴሬዛ የኦስትሪያ ንግሥት ነበረች፤ በ1780 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሞተች። ከሞተች በኋላም ብሩ ያንኑ 1780 የሚለውን ዓመት እንደያዘ መቀረጹ ቀጠለ። በኋላ ዘመን ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮምና ለንደንም ቀርጸውታል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከአምስት አራት እጅ የሚበልጠው ንጹሕ ብር ነው።

አያቶቻችን ይህን ብር ዝም ብለው አይቀበሉም ነበር። የንግሥቲቱን መልክ፣ በዘውዷና በትከሻዋ ላይ ያሉትን የዕንቁ ፈርጦች፣ በጀርባው ያለውን ንስር አንድ በአንድ ይመረምራሉ። ፈርጡ የጠፋ ወይም ፊቱ ያለቀ ከሆነ ይመልሱታል። ድንጋይ ላይ ጥለው ድምፁን የሚሰሙም ነበሩ። ፊደል የማያውቅ ሰው ጭምር እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለይበት ዕውቀት ነበረው። ያ ዕውቀት በትምህርት ቤት አልተሰጠም፤ በገበያ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር በፓሪስ አስቀርጸው በ1887 ዓ.ም. ሲያወጡ እንኳ ሕዝቡ ቶሎ አልተቀበለውም። አዋጅ ቢነገርም ብዙ ሰው የለመደውን ጠገራ ብር ነበር የሚመርጠው። እምነት በአዋጅ ብቻ እንደማይመጣ ከዚህ እንረዳለን። ሰው ገንዘብን የሚያምነው ራሱ መርምሮ ማረጋገጥ ሲችል ነው።

ለሴቶች ጠገራ ብር ሌላም ትርጉም ነበረው። አንጥረኛው እያቀለጠ መስቀል፣ ድሪና አልቦ ይሠራበት ነበር። ስለዚህ ብዙ ሴት ቁጠባዋን በአንገቷና በእግሯ ላይ ታስር ነበር። ጌጥ ነው፣ ባንክም ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ይሸጣል። በገላዋ ላይ ስላለ ማንም ሳታውቅ አይወስድባትም። ሆኖም ጠገራ ብር ከባድ ነበር፤ 1,000 ብር ማለት 28 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ነጋዴ በበቅሎ ጭኖ ሲጓዝ ሽፍታ ከሩቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ጠባቂና የመንገድ ጓደኛ ያስፈልገው ነበር።

ከብር ወደ ወረቀት

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። ከ10 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ቆይቶም የወረቀት ገንዘብ አወጣ። ወረቀቱ ወደ ባንኩ ሲቀርብ በብር ይመነዘራል ተብሎ ቃል የተገባበት ነው። እስቲ በዚያን ጊዜ የነበረችን አንዲት ነጋዴ እናስብ። በእጇ የለመደችው 28 ግራም ብር ነው፤ አሁን የተሰጣት ግን ቢቃጠል አመድ የሚሆን ወረቀት ነው። ዋጋው በወረቀቱ ውስጥ የለም፤ ያለው ባንኩ በገባው ቃል ውስጥ ነው። ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር። ጥበቃው ከዕቃው ወጥቶ ወደ ተቋሙ ሄደ።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሊሬ መጣ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ ለጥቂት ዓመታት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይሠራበት ነበር። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. መንግሥት የራሱን አዲስ ገንዘብ አወጣ፤ ጠገራ ብርም ሕጋዊ ገንዘብነቱን አጣ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የመንግሥት ባንኩ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተቋቋሙ።

ከዚያ ወዲህ የወረቀት ብር ብዙ ጊዜ ተለውጧል። በ1969 ዓ.ም. በደርግ ጊዜ፣ በ1990 ዓ.ም. ኤርትራ ናቅፋን ስታወጣ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረው አዲስ የ200 ብር ኖት ሲጨመር። በእያንዳንዱ ለውጥ አሮጌውን ለመቀየር የጊዜ ገደብ ነበረ። በዕድሜ የገፉት እናቶቻችን እንደሚያስታውሱት፣ በእነዚያ ቀናት ባል የማያውቀው፣ ልጅ የማያውቀው ገንዘብ ሁሉ ከየጓዳው ይወጣ ነበር። በጤፍ ጎተራ ሥር፣ በፍራሽ ውስጥ፣ በሸክላ ማድጋ የተቀመጠው ሁሉ ማለት ነው። ወደ ባንክ ለመሄድ ያፈረች ወይም ዜናውን ዘግይታ የሰማች ሴት ግን ወረቀት ብቻ ቀረላት። የደበቅነው ገንዘብ ከሌባ ቢተርፍም ከጊዜ ገደብ እንደማይተርፍ ያኔ ታየ።

መቀነት፣ እቁብና እድር

ስለ ገንዘብ ጥበቃ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ባንክና ነገሥታት ይጠቀሳሉ፤ መቀነት ግን ይረሳል። ለእናቶቻችን መቀነት የወገብ ማሰሪያ ብቻ አልነበረም፤ ቦርሳቸውም ነበር። ጫፉ ላይ ተቋጥሮ የሚቀመጠው ገንዘብ ለልጅ ደብተር፣ ለጨው፣ ለድንገተኛ መታከሚያ ነው። የእርሷ ብቻ ነው። ማን እንደፈታው ወዲያው ይታወቃል፤ ምክንያቱም ወገቧ ላይ ነው።

መቀነት የብቻ ጥበቃ ከሆነ፣ እቁብና እድር የጋራ ጥበቃ ናቸው። በእቁብ ዕጣ የሚወጣው በሁሉም ፊት ነው። ዕጣ የደረሳት ሴት ገንዘቡን ከመውሰዷ በፊት ዋስ ትጠራለች፤ ዋሷ ደግሞ ሁሉም የሚያውቃት ሰው ናት። እቁቡ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። የእድር መዝገብም እንዲሁ በአባላት ፊት ይነበባል። የእኛም ባለ ሦስት ቁልፍ ሳጥን የተወለደችው ከዚሁ ባህል ነው። የእነዚህ ሁሉ ጥበብ አንድ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን ቢሳሳት ወይም ቢፈተን ገንዘቡ እንዳይጠፋ፣ ጥበቃውን ለብዙ ዓይንና ለብዙ እጅ ማካፈል።

ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ሲገባ

ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ የተጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከተማ የሚሠራ ልጅ ገጠር ላለች እናቱ በስልክ ገንዘብ መላክ ቻለ። በእኛም አገር በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤቲኤም ማሽን ታየ። በ2003 ዓ.ም. የብሔራዊ የክፍያ ሥርዓት አዋጅ ወጣ። በ2000ዎቹ መጨረሻ ኤም ብርና ሄሎ ካሽ የመሳሰሉት አገልግሎቶች በማይክሮ ፋይናንስና በባንክ በኩል ተጀመሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ኢትስዊች የተባለው ተቋም የልዩ ልዩ ባንኮችን ማሽኖች ማገናኘት ጀመረ። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶችም የክፍያ አገልግሎት እንዲሰጡ የሚፈቅድ መመሪያ አወጣ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳፋሪኮም ኤምፔሳ ሥራ ጀመሩ። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ በአዲስ አበባ ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መግዛት ቀርቶ በስልክ ብቻ ሆነ።

ጥቅሙን በዓይናችን አይተናል። በአውቶቡስ ተራ ቦርሳ መቀደድ ቀርቷል ባይባልም ቀንሶልናል። ለገጠር ዘመድ ገንዘብ ለመላክ ሾፌር መለመን ቀረ። ከዚህም በላይ ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደላከች ተመዝግቦ ይቀራል። «ሰጥቻለሁ»፣ «አልተቀበልኩም» የሚለው ክርክር ቀነሰ።

የመዝገቡን ኃይል በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ አይቶታል። በአንድ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ማውጣት ቻሉ። ባንኩ ነገሩ ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር የተያያዘ እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ። ብዙዎቹ የወሰዱትን መለሱ፤ ያልመለሱት ስማቸው ተለጠፈ። ከዚህ ሁለት ነገር ተማርን። ትልቅ ተቋምም ሊሳሳት ይችላል። በዲጂታል መንገድ የተንቀሳቀሰ ገንዘብ ደግሞ አሻራ ይተዋል።

ሌላም የማይረሳ ነገር አለ። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ በትግራይ ባንክና ስልክ ተቋርጠው ነበር፤ ብዙ ሰው በስሙ ያለውን ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ማውጣት ሳይችል ቀርቷል። ገንዘቡ አልተሰረቀም፤ ግን አልተገኘም። ለተራበ ልጅ የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ነው። የገንዘብ ደኅንነት ስንል ከሌባ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን በተፈለገ ጊዜ መገኘትም ነው።

ሌባው በየት በኩል ገባ?

ወደ እኛ ጉዳይ እንመለስ። ከስርቆቱ በኋላ አንዲት በባንክ የምትሠራ የአባላችን ልጅ መጥታ ነገሩን አስረዳችን። የስልክ ገንዘብም ቁልፎች አሉት አለችን። አንደኛው ቁልፍ በእጅ የያዝነው ነው፤ ይህም ሲም ካርዱ ነው። ሁለተኛው በልባችን የያዝነው ነው፤ ይህም ምስጢር ቁጥሩ ነው። አንድ ሰው ሒሳባችንን በሌላ ስልክ ሊከፍት ሲሞክር አገልግሎቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ወደ እኛ ስልክ ይልካል። ቁጥሩ የሚላከው «በእርግጥ ስልኩ በእጅሽ ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ነው። ያንን ቁጥር ለደወለው ሰው ማንበብ ማለት የመጀመሪያውን ቁልፍ አሳልፎ መስጠት ነው። ምስጢር ቁጥሩን መንገር ደግሞ ሁለተኛውን።

ስለዚህ ሌባው ምንም የረቀቀ ማሽን አልሰበረም። ቁልፎቹን ለምኖ ወሰደ። አያቶቻችን ጠገራ ብሩን አገላብጠው ይመረምሩ ነበር፤ እኛ ግን የደወለውን ሰው አልመረመርነውም። የጨዋ አነጋገሩና «እናቴ» ማለቱ በቂ መስሎን ነበር።

ይህን ስንወያይ ሌሎችም የደረሰባቸውን መናገር ጀመሩ። እስከዚያ ቀን አፍረው ዝም ብለው ነበር። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ እህታችን፣ ገዢው በስልኩ ላይ የክፍያ ደረሰኝ ፎቶ አሳይቷት አንድ ኩንታል አስጭኗል፤ ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልገባም። ሌላዋ «በስህተት 3,000 ብር ልኬብዎታለሁ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ሰው ደወለላት፤ መልእክቱ ከአንድ የግል ስልክ የተላከ የውሸት ጽሑፍ መሆኑን ሳታይ የራሷን ገንዘብ ላከች። ሦስተኛዋ ዕጣ ወጥቶልሻል ተብላ ለማስፈጸሚያ ከፈለች። በዚህኛው ላይ እርሷም ራሷ ስቃ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለችን።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበን ግን ሌባ የሌለበት ነገር ነው። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ የያዙት ሲም ካርድ በባል ወይም በልጅ ስም የወጣ ነው። ምስጢር ቁጥራቸውንም የመረጠላቸው ሒሳቡን የከፈተላቸው ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ልጃቸው፣ አንዳንዴም የሱቅ ወኪሉ። መልእክቱ ሲገባ ቀሪ ሒሳቧን ስልኩን ያነሣ ሁሉ ያነበዋል። እናቶቻችን በመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩት ገንዘብ የራሳቸው ነበር። የእኛ ግን ዘመናዊ ሆኖ ሳለ የሌላ ሰው ቋጠሮ ውስጥ ገብቷል። አንዲት አባላችን እንደነገረችን፣ ስልኩ በባሏ ስም ስለነበረ ሲለያዩ ቁጥሩም ቁጠባውም አብሮት ሄደ። ይህን በየትኛውም የወንጀል መዝገብ አናገኘውም፤ ግን ገንዘብ ማጣት ነው።

ዕዳው የማን ነው?

የ18,400 ብሩን ነገር ለመጨረስ ሦስት ሰኞ ፈጀብን። ገንዘብ ያዣችን «ዕቃዬን ሸጬ እከፍላለሁ» ብላ ቆመች። ማቀዝቀዣዋንና የልጇን አልጋ ለመሸጥ ሰው አነጋግራ ነበር። ጥቂቶቻችን ተስማማን፤ መተዳደሪያ ደንባችን ገንዘብ ያዥ ላጎደለችው ተጠያቂ ናት ይላል። በእርግጥም ከጠፋው ውስጥ የስንቶቻችን የትምህርት ቤት ክፍያ ነበረበት።

ያኔ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑ እናታችን ተነሡ። «በፊት ሳጥኗን ሌባ ቢሰብራት ኖሮ አንዷን ብቻ ነበር የምንጠይቀው?» አሉ። «ሦስት ቁልፍ የነበረውን ነገር አንድ አድርገን በዚህች ልጅ እጅ ያስያዝነው እኛ ነን። ስንቀይረው ማናችን ጠየቅን?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እውነት ነበር። ከሳጥን ወደ ስልክ ስንሸጋገር ቃለ ጉባኤ እንኳ አልያዝንም። ስልክ ያላትና ፊደል የቆጠረች እርሷ ስለሆነች ብቻ የሁላችንን ገንዘብ በእርሷ ቁጥር እንልክ ነበር። ፍጥነቱን ወደድነው፤ የጋራ ዓይናችንን ግን እግረ መንገዳችንን ጣልነው።

በድምፅ ተወሰነ። ግማሹን ከማኅበሩ የመጠባበቂያ ገንዘብ፣ ግማሹን እያንዳንዳችን በወር 20 ብር እየጨመርን እንድንሸፍን ተስማማን። ገንዘብ ያዣችንም እንደ ማንኛዋም አባል 20 ብሯን ትከፍላለች፤ በሥራዋም ቀጥላለች። ለፖሊስም አመለከትን፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል እንደሚመለከት ተነግሮናል። ገንዘቡ እስካሁን አልተመለሰም።

የያዝነው አሠራር

ከታሪኩ የተማርነውን ወደ ሥራ ለማዋል የሚከተሉትን ወስነናል። ሌሎች ማኅበራትም ቢጠቀሙበት ደስ ይለናል።

በመጀመሪያ፣ የማኅበሩ ቁጠባ በሦስት ፈራሚዎች በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል። በስልክ የሚሰበሰበው የሳምንቱ መዋጮ ብቻ ነው፤ በማግስቱ ወደ ባንክ ይገባል። ስልኩ ቢጠፋ እንኳ የሚጠፋው የሳምንት እንጂ የዓመታት ላብ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ መዋጮው የሚገባበት ስልክ የማንም የግል ስልክ አይደለም። ለማኅበሩ የተገዛ ትንሽ ስልክ ነው። ምስጢር ቁጥሩን ከሁለት ከፍለን የመጀመሪያውን ግማሽ አንዲት፣ ቀሪውን ሌላዋ ይዛዋለች። አንዷን ቢያታልሏት ግማሽ ቁልፍ ብቻ ነው የሚያገኙት።

ሦስተኛ፣ ሰኞ ሰኞ የስልኩ መልእክቶች ጮክ ተብለው ይነበባሉ፤ ጸሐፊዋም ከመዝገቡ ጋር ታመሳክራለች። ማንበብ የማንችለውም እንደ ድሮው ቁጥሩን በቃላችን ይዘን እንሄዳለን።

አራተኛ፣ የሚደውልን ሰው በተመለከተ አንድ ሕግ አወጣን። ምስጢር ቁጥርም ሆነ በመልእክት የገባ ቁጥር ለማንም አይነገርም፤ ለባንክ ሠራተኛም፣ ለልጅም፣ ለሰብሳቢም። ደዋዩ ቢያጣድፍ ስልኩ ይዘጋል፤ ከዚያ እኛው ራሳችን ወደ ታወቀው የአገልግሎቱ ቁጥር እንደውላለን ወይም ቅርንጫፉ ድረስ እንሄዳለን። የሚያጣድፍ ሰው መጠርጠር አለበት።

አምስተኛ፣ የሚሸጡ አባሎቻችን የገዢን ስልክ ሳይሆን የራሳቸውን ቀሪ ሒሳብ አይተው ዕቃ ይለቃሉ። ጠገራ ብሩን የሚያገላብጠው ተቀባዩ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ስድስተኛ፣ እያንዳንዷ አባል ሲም ካርዷን በራሷ ስም እንድታወጣና ምስጢር ቁጥሯን ራሷ እንድትቀይር አንድ ወር ሰጥተናል። መታወቂያ የሌላቸውን እያጀብን ወደ ወረዳና ወደ ፋይዳ መመዝገቢያ ወስደናል። እስካሁን ከ64 አባላት 41ዱ ጨርሰዋል። የቀሩት ለምን እንደዘገዩ እናውቃለን፤ አንዳንዷ ቤት ውስጥ ይህን መጠየቅ ቀላል አይደለም። አንቸኩልባቸውም፤ ግን አንተዋቸውም።

ሰባተኛ፣ ሁሉንም ነገር በስልክ አናደርግም። ኔትወርክ ለሚጠፋበት ቀንና ለሐዘን ለሚያስፈልግ የተወሰነ ጥሬ ገንዘብ ሳጥኗ ውስጥ ይቀመጣል።

ለአጋሮቻችን አንድ ነገር ብንጨምር እንወዳለን። ስለ ዲጂታል ክፍያ የሚሰጡን ሥልጠናዎች አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ እንዴት እንደሚላክ የሚያስተምሩ ናቸው። መላኩን በአንድ ከሰዓት ተምረነዋል። የጎደለን እንዴት እንደሚጠረጠር፣ እንዴት እንደሚመረመር፣ ሲጠፋ የት እንደሚጮህ የሚያስተምር ነው። ሥልጠናውም በአማርኛ በተጻፈ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ማንበብ የማይችሉ እናቶቻችን በሚረዱት መንገድ፣ ስልኩን በእጃቸው አስይዞ ቢሆን ይጠቅመናል።

ሳጥኗ ዛሬም አለች። አንዱ ጠርዟ ዝጓል፣ ቀለሟ ለቅቋል። ሦስቱ ቁልፎች እንደ ድሮው በሦስት ሴቶች አንገት ላይ ናቸው። ሰኞ ከሰዓት ስትከፈት ከውስጧ መዝገቡ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥናት ጥሬ ብርና ያቺ ትንሽ ስልክ ይወጣሉ። ልጆቻችን «ስልክ በሳጥን ይቆለፋል እንዴ?» እያሉ ይስቁብናል። እኛም አብረን እንስቃለን፤ ከዚያም ቆጥረን፣ መዝግበን፣ መልሰን እንቆልፋታለን።